ለእጅ ባትሪ ድንጋይ ስትገዙ «ኤል» የሚለውን ፊደል ፈልጉ

ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ከዘጌ ስትመለሱ ሲመሽባችሁ፣ የእጅ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባትሪው ጥሩ ሆኖ ድንጋዩ ጉድ ሊሠራችሁ ይችላል። እኔን አንድ ማታ ጣና ዳር ጨለማ ውስጥ ጥሎኛል። ድንጋዩን የገዛሁት በዚያው ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ነው። «ኤልአር6» (LR6፣ ትንሹ መጠን) ወይም «ኤልአር20» (LR20፣ ትልቁ መጠን) ካለ አልካላይን የሚባለው ዓይነት ነው። «ኤል» ከፊቱ ከሌለና «አር6» ወይም «አር20» ብቻ ከሆነ ርካሹ ዚንክ ካርቦን ነው። ሁለቱም ላይ 1.5 ቮልት ተብሎ ስለሚጻፍ በቮልቱ አትለዩአቸውም። በእጃችሁ መዝኑት፤ አልካላይኑ ከበድ ይላል። ዚንክ ካርቦኑ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ይበቃል። ኃይለኛ ብርሃን ሲጠየቅ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ለእጅ ባትሪ ትንሽ ጨምሮ አልካላይን መግዛት ይሻላል፣ እመኑኝ።

በየማታው የምትጠቀሙ ከሆነ ቻርጅ የሚደረገው ያዋጣችኋል። እሱ 1.2 ቮልት ነው፤ ቢሆንም ብዙዎቹ ኤልኢዲ አምፖል ያላቸው የእጅ ባትሪዎች ላይ በደንብ ይሠራል።

አሮጌና አዲስ ድንጋይ ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ። ደካማው ያፈሳል፣ የውስጡንም ብረት ይበላዋል። ባትሪውን ለወራት የማትነኩት ከሆነም ድንጋዩን አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት።