የሁለት አገሮችን የደን ውጤቶች የገቢ ንግድ ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ሰበታ መውጫ፣ ወደ አንድ የእንጨት መሸጫ ጎራ ይበሉ። በአንድ በኩል የባሕር ዛፍ አጣናና ሞራሌ፣ በሌላው በኩል ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድና ኮምፔንሳቶ የሚባሉት ፋብሪካ ሠራሽ ጣውላዎች ተደርድረዋል። አጣናው ከአቅራቢያው ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ጉምሩክ አያውቀውም። ከጣውላዎቹ መካከል ግን በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል የገባ አለ። የገቢ ንግድ አኃዝ የሚቆጥረው ይህንን ብቻ ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ ከኬንያ ያነሰ ታስገባለች፤ እንግዲያውስ የእንጨት ፍጆታዋ ትንሽ ነው» ብሎ መደምደም የመጀመሪያው ስህተት ነው። አብዛኛው የአገራችን እንጨት ማገዶ ሆኖ የሚያልቅ ነው፤ ድንበር አይሻገርም።

ከዚህ የከፋው ግን ዋጋን እንደ መጠን ማንበብ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመረጃ ቋት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱንም ለየብቻ ይዟል፦ እንጨቱን በሜትር ኩብ፣ ወረቀቱን በቶን፣ ዋጋውን ደግሞ በሺህ የአሜሪካ ዶላር። ዶላሩ የየዓመቱ ነው፤ የዋጋ ንረት አልተቀነሰለትም። በዚያ ላይ የገቢ ዋጋ እንደ ደንቡ የመርከብ ኪራይንና መድንን ይጨምራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የኮንቴይነር ኪራይ ሰማይ ሲነካ፣ አንድ ጣውላ ሳይጨመር የግራፉ መስመር ሊወጣ ይችል ነበር። ዋጋውን ለመጠኑ ያካፍሉና የአንዱን ሜትር ኩብ ወይም የአንዱን ቶን ዋጋ አውጥተው ይመልከቱ። እድገት የመሰለው ነገር የዋጋ ጭማሪ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

በብር የተሠራ ንጽጽር ደግሞ የባሰ ያሳስታል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲዘል፣ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ከ2.07 ሚሊዮን ወደ 5 ሚሊዮን ብር ሄደ። ወረቀቱ ያው ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ በኋላም ይኸው ጉዳይ ተደግሟል።

ዘመን አቆጣጠሩንም ልብ ይበሉ። የኢትዮጵያ 2009 በጀት ዓመት ከሐምሌ 2016 እስከ ሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። ከኬንያ 2017 ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጋርማ ጨርሶ አይገናኝም።

«የደን ውጤት» ሲባል ግንድና ሳንቃ ብቻ ማሰብም የተለመደ ነው። በሁለቱም አገሮች የገቢ ንግድ ውስጥ ከባዱን ድርሻ የሚይዙት ወረቀትና ካርቶን ናቸው። ተሠርቶ የሚገባ ቁም ሣጥንና ወንበር ግን በጉምሩክ የዕቃዎች መለያ ዝርዝር ምዕራፍ 94 ስለሚመዘገብ እዚህ ውስጥ የለም። አንዱን አገር ከነቤት ዕቃው፣ ሌላውን ያለ ቤት ዕቃው ካስቀመጡ ንጽጽሩ ከመነሻው ፈርሷል።

ድንበርና ፖሊሲም መስመሩን ይሰብራሉ። ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት ያለው የኢትዮጵያ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ መስመር መቀጠል የለበትም። ኬንያ ደግሞ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖች ግንድ መቁረጥን አገደች። ከዚያ ወዲህ የኬንያ የእንጨት ገቢ ንግድ አድጎ ቢያዩ «ሀብታም ሆኑ» ከማለት በፊት ይህን ማየት ይገባል። ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ በጭነት መኪና የሚሻገር እንጨትም አለ፤ ሁሉም ደግሞ በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። ላኪዎቹ አገሮች «ልከናል» ያሉትን ከተቀባዩ መዝገብ ጋር ቢያስተያዩ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

የሕዝብ ብዛትን መርሳት የለብንም፤ ኢትዮጵያ ከኬንያ በእጅጉ ብዙ ሕዝብ አላት። ለአንድ ሰው ስንት ዶላር እንደሚደርስ አስልተው ከጠቅላላው ጎን ያስቀምጡ።

በመጨረሻ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ባዶ የሆነን ሕዋስ (ሳጥን) ዜሮ አያድርጉ። ፋኦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መረጃው ከአገሩ የተላከ ይሁን ግምት የሚያሳይ ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱን ሰንጠረዥዎ ላይ ይዘውት ይምጡ፤ መረጃ በሌለበት ዓመትም መስመሩን ክፍት ይተዉት።