የኤታኖል ድብልቅ ቤንዚን በቆየ መኪና፦ በሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን ቤንዚንን ከኤታኖል (ከአልኮል) ጋር ቀላቅሎ መሸጥ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በመነሻው 5 በመቶ የነበረው የኤታኖል ድርሻ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖሉ የሚገኘው እንደ ፊንጫ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ከሚተርፈው ሞላሰስ ነው። ድብልቁ በሚሸጥበት ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እሱን ሞልቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ፣ ከዚያም ጣርማበርን አቋርጦ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየርን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ችግር ሲገጥመው ይታያል። ነዳጁ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ብርድ፣ ከፍታና ረጅም ቁልቁለት በተደራረቡበት በዚህ አገር፣ ሜዳ ላይ ይቅር የሚባል ስህተት ሞተር የሚያስፈርስ ስለሚሆን ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ካርቡሬተሩን ደብረ ብርሃን ላይ አስተካክሎ ሳይነኩት ወደ ቆላ መውረድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ የሳሳ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ይጠቁራል፣ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ ያወጣል። መካኒኩ ታዲያ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን የያዘ በመሆኑ፣ 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ ቤንዚን በልኩ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲፈልግ ባለ 10 በመቶው ድብልቅ 14.1 ገደማ ይበቃዋል። አዲስ መኪና ይህን በዳሳሽ አውቆ ነዳጁን ይጨምራል፤ አሮጌው ካርቡሬተር ግን በቀዳዳው ስፋት የተወሰነውን ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ነዳጅ በ4 በመቶ ያህል እንዳነሰው ይቆጠራል። ደጋው ላይ ይህ አይጎዳም፤ እንዲያውም የበዛውን ቤንዚን ስለሚያመጣጥን ይጠቅማል ማለት ይቻላል። መኪናው ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ የተቀነሰው ለደጋው ነው፣ ኤታኖሉም የራሱን ያህል ቀንሷል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ሞተሩ ይግላል፣ ጭነት ሲበዛበት ይንኳኳል፣ ውሎ አድሮም ቫልቩ ይቃጠላል። ስለዚህ ካርቡሬተሩን የሚያስተካክሉት በጋኑ (በቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ያለው ድብልቁ ራሱ ሆኖ ይሁን፤ አዘውትረው ቆላ የሚወርዱ ከሆነም ደጋው ላይ ቤንዚኑን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ እንዲተወው መካኒኩን ይጠይቁ። ሸዋ ሮቢት ደርሰው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላውን ፈትተው ቢመለከቱ ነገሩን ራሱ ይነግርዎታል፦ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፣ እንደ ኖራ ከነጣ ቤንዚኑ አንሷል።

በመልሱ ጉዞ የሚፈጸመው ስህተት ሌላ ነው። ከሙቀቱ ተነስቶ በከባድ ማርሽ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር የሚወጣ መኪና ዳገቱ መሀል ትንፋሽ አጥሮት ሲቆም፣ ሾፌሩ ወዲያው ካርቡሬተሩን መፍታት ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ኤታኖል በትንሽ መጠን ሲቀላቀል ቤንዚኑ ይበልጥ በቀላሉ እንዲተን ያደርገዋል፤ ከፍታውም በበኩሉ የመፍያውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላውም በቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመው የቤንዚን ፖምፓ ሲግል በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንና ፖምፓው በፈሳሽ ፈንታ እንፋሎት ይስባል። መፍትሔው ኮፈኑን ከፍቶ መጠበቅ፣ በፖምፓውና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ስለሚሰነጥቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ራቅ አድርጎ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ጋኑን በግማሽ ትቶ መኪናውን በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደጅ ማሳደር ሌላው ጥፋት ነው። ኤታኖል ውሃ ይስባል። ባለ 10 በመቶው ድብልቅ በ15 ዲግሪ አካባቢ ውሃ አዋሕዶ መያዝ የሚችለው እስከ ግማሽ በመቶ ያህል ነው፤ በ40 ሊትር ውስጥ አንድ መካከለኛ ብርጭቆ ማለት ነው። ብርዱ ሲጠና ይህ አቅሙ ይቀንሳል። በባዶው የጋን ክፍል ጤዛ ሆኖ የሚያድረው ውሃ፣ በጀሪካንና በሃይላንድ ክፍቱን ከቆየ ቤንዚን ከሚመጣው ጋር ሲደመር ልኩ ያልፍና፣ ውሃው ኤታኖሉን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ጠዋት አልነሳም ያለውን መኪና በግፊ ለማስነሳት መንደሩን ሁሉ ከማስቸገር በፊት የጋኑን የታች ቡሎን ፈትቶ ዝቃጩን ማፍሰስ ይገባል። መኪናውን ለሳምንታት የሚያቆሙ ከሆነ ጋኑን ሞልተው ያቁሙ፤ ከተቻለም በንጹሕ ቤንዚን ይሁን። የያዙት ቤንዚን ድብልቅ መሆኑን ለማወቅ ልኬት ባለው ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚንና 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው፣ በጥብቅ ከድነው ይነቅንቁና ይተዉት፤ ከታች የሚረጋው ከ10 በልጦ ወደ 20 ከተጠጋ ኤታኖል አለበት።

የጎማ ቱቦና ጓርኒሲዮንን (በመጋጠሚያዎች መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የድሮው ጎማ በኤታኖል ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፣ ቡሽም ይፈረፈራል፤ ኤታኖል የሚችል ቱቦ ይግዙ፣ የውሃ ቱቦ ቆርጠው አይተኩ። ኮፈኑ ውስጥ የቤንዚን ሽታ ከተሰማ እሳት ሊነሳ ስለሚችል መንዳቱ ይቁም።

ፊልትሮውን ድብልቁን ከመጀመራቸው በፊት ቀይረው አረፍን የሚሉም አሉ። ኤታኖል በጋኑ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አጥቦ የሚያወርደው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ፊልትሮው መቀየር ያለበት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሙሌት በኋላ ነው፤ አንድ ትርፍ ፊልትሮ በመኪናው ውስጥ መያዝም አይከፋም።

«ብራዚል ከሩብ በላይ ኤታኖል ቀላቅላ ትነዳ የለም ወይ?» የሚለው ክርክር በየጋራዡ ይሰማል። ትነዳለች፤ ግን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተሮቿን ለዚያ እንዲስማሙ አድርጋ ስትሠራ ቆይታለች፤ ያ ልምድ ለእኛ ፔዦ 404 ወይም ቮልስ ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ክርክር ተማርኮ ኤታኖሉን በራስ እጅ መጨመር ደግሞ ከስህተትም በላይ ነው። አገራችን በአረቄዋ የታወቀች ስለሆነች ለቀልድ ያህል የሚያነሡት አይጠፉም፤ ሆኖም አረቄ ከግማሽ በላይ ውሃ በመሆኑ ከላይ የተባለውን ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ይፈጥራል። ለናፍጣ መኪና ከሆነ ኤታኖል በምንም መጠን አይጨመርም፤ ለናፍጣ ፖምፓው የሚያስፈልገውን ቅባትነት ይቀንሳል፣ የጋኑንም እንፋሎት በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ያደርገዋል።