ልጆች ይዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ለሚሄድ ቤተሰብ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙትን የደብረ ሊባኖስ ገዳምንና በተለምዶ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ከልጆቻችሁ ጋር በአንድ ቀን ለማየት ካሰባችሁ፣ በማለዳ ተነስታችሁ ከድልድዩ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ውኃው ከድልድዩ ሥር አልፎ ወዲያው ወደ ገደሉ ስለሚወረወር የትንንሾቹን እጅ ፈጽሞ አትልቀቁ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፏፏቴው ሞልቶ እጅግ ያምራል፣ ድንጋዩ ግን ያዳልጣል። በገደሉ አፋፍ ሣር እየነጩ የሚበሉትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ልጆቹ ራቅ ብለው ይመልከቱ እንጂ ዳቦም ሆነ ሙዝ አይስጧቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ መሠረቱት ገዳም ስትሄዱ ነጠላ አትርሱ። ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለተጨፈጨፉት መነኮሳት እዚያው ቦታው ላይ ብትነግሯቸው መልካም ነው።