የቤተሰብን ፎቶና ታሪክ በእድርተኞች እገዛ እንዴት ማቆየት ይቻላል

የቤተሰቡን የድሮ ፎቶዎች ለማዳን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስካነር በመፈለግ ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት ስም መሰብሰብ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶው ደረቅና ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ገና ብዙ ዓመት ሊቆይ ሲችል፣ ከዳር የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቁት አዛውንት ግን ለመጪው ክረምት ላይደርሱ ይችላሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አነጋግሩ። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ፈርሶ ነዋሪው ቢበተን እንኳ እድሩን የማይለቅ አባል ጥቂት አይደለም፤ ማን መቼ እንዳረፈ ለማጣራትም የእድሩ መዝገብ ከትዝታ ይልቅ ይታመናል። ከወርሃዊው ስብሰባ በኋላ ቡና ተፈልቶ ሁሉም አልበሙን ይዞ የሚመጣበትን ቀን ቁረጡ። ፎቶው እዚያው ተቀድቶ ለባለቤቱ እንደሚመለስም አስቀድማችሁ አስረዱ፤ አልበም አውሶ ያልተመለሰለት ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ፎቶውን በንጹሕና ደረቅ እጅ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አገላብጡት። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር የፎቶ ቤቱ ማኅተም ሊኖር ስለሚችል የጀርባውንም ቅጂ አስቀሩ። የምትጨምሩት ጽሑፍ ካለ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ በጀርባው ጠርዝ አካባቢ ጻፉ። ሙጫ ባለው የአልበም ገጽ ላይ የተጣበቀውን በግድ አትላጡ፤ ገጹን እንዳለ ቅዱት።

ዓመተ ምሕረቱ ብዙዎችን ያሳስታል። በእጅ «1967» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱበት ዓመት ነው፤ ያው ቁጥር በነጩ ጠርዝ ላይ በማሽን የታተመ የአውሮፓውያን ዘመን ከሆነ ግን በእኛ 1959 ወይም 1960 ይሆናል፤ እሱም ፎቶው የታጠበበትን እንጂ የግድ የተነሳበትን ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ መዝግቡና ግምታችሁን ለብቻው አስፍሩ።

ለመቅዳት ስካነር ከተገኘ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚቀዳው የነጥብ ብዛት) ይበቃል። በስልክ ከሆነ ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ካልላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል።

ታሪኩን መቅረጽ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ታሪክዎን ይንገሩን» ሲባሉ «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ብለው የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ ፎቶውን በእጃቸው ሰጥታችሁ «እማማ፣ ይህ ካባ የማን ነበር?» ብትሏቸው ግን ከካባው ተነስተው ሰርጉን፣ ከሰርጉ ሚዜዎቹን፣ ከሚዜዎቹ የተጣላውን ዘመድ ያወጡታል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልክ ቅረጹ። ከተቻለ ሁለት አዛውንት አብረው ይቀመጡ፤ ካልተስማሙ ሁለቱንም ቃል ጻፉ። «እትዬ» ወይም «ጋሼ» ብቻ ተብሎ የቀረ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ አይታወቅምና ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የቤት ስሙንም ጨምራችሁ መዝግቡ። የቀይ ሽብር ዘመን ፎቶ ሲወጣ ዝም የሚል ሰው ካለ በጉባኤ መካከል አትጠይቁት፤ መናገር ከፈለገ ሌላ ቀን ለብቻው ይነግራችኋል።

ቅጂዎቹን ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን በኮምፒውተር፣ ሁለተኛውን ሌላ ቤት በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን ውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ። ለዚያ ዘመድ ስትልኩ የእሱንም አልበም እንዲፈትሽ ጠይቁት፤ ከዓመታት በፊት በደብዳቤ ውስጥ ታጥፎ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቴል አቪቭ የተላከ ፎቶ፣ እዚህ የቀረው ጥንዱ በእርጥበት ቢበላሽም፣ እዚያ ሳይነካ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።