አሚጋ 1200 ላይ ሃርድ ዲስክ ሲገጠም፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው አሚጋ 1200 ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ባለ 44 ፒን የአይዲኢ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) ማገናኛ አለው። 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ዲስክ ወይም በማስማሚያ የሚሰካ ሲኤፍ (ኮምፓክት ፍላሽ) ካርድ እዚያው ይገባል፤ 5 ቮልቱም በዚያው ኬብል ይመጣል። ኬዙ እንዴት እንደሚከፈት፣ መጀመሪያ ሶኬቱ መነቀል እንዳለበት ታውቃላችሁ ተብሎ ታልፏል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ፦ ዲስኩ ጨርሶ አልታይ ካለ ብዙ አትጨነቁ፣ ቀላሉ ችግር እሱ ነው። ክፉው ፎርማት ተደርጎ፣ ዎርክቤንች (የአሚጋው ሲስተም) ተጭኖ፣ ሁሉ ሰላም መስሎ ሳምንት ከሠራ በኋላ ፋይል መብላት የሚጀምረው ነው።

ዲስኩ ጨርሶ አይታይም

ሁለቱን የማውስ ቁልፎች ተጭናችሁ ኮምፒውተሩን አብሩ። በሚመጣው የማስነሻ ምርጫ ገጽ ላይ ዲኤች0 (የሃርድ ዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል፣ ማለትም ፓርቲሽን) ካለ ዲስኩ ተገኝቷል፤ ችግሩ ፎርማቱ ወይም የተጫነው ሲስተም ላይ ነው። አዲስና ያልተከፋፈለ ዲስክ እዚህ ገጽ ላይ አይወጣም፤ እሱን ኤችዲ ቱልቦክስ በሚባለው የዲስክ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ፈልጉት።

እዚያም ከሌለ ኬብሉን እዩ። ቀዩ መስመር በሁለቱም ጫፍ ፒን 1 ላይ መዋል አለበት። የፒን 20 ቀዳዳ የተደፈነበት ኬብል ተገልብጦ አይገባም። ርካሾቹ ኬብሎች ግን ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ዝም ብለው ይገባሉ። ኬብሉ ከተገለበጠ በፒን 41 እና 42 የሚሄደው 5 ቮልት ዲስኩ ላይ ፒን 4 እና 3 ላይ ያርፋል፤ እነሱ የዳታ መስመሮች ናቸው። አንዳንድ ዲስክ ይተርፋል፣ አንዳንዱ አይተርፍም። ስለዚህ «ገልብጬ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም፤ ፒን 1ን ሳታረጋግጡ አታብሩ።

ሌላው ደግሞ የላፕቶፕ ዲስክ ከ44ቱ ፒኖች ጎን፣ ትንሽ ክፍተት አልፎ፣ ለጃምፐር (ፒን ከፒን ለሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) የሚሆኑ 4 ፒኖች አሉት። ኬብሉ አንድ ረድፍ ወደዚያ ተንሸራቶ ከተሰካ ላይ ላዩን ሲታይ ልክ የገባ ይመስላል። በባትሪ አብርታችሁ ከጎን እዩት። አብዛኞቹ 2.5 ኢንች ዲስኮች ጃምፐር ካልተደረገባቸው ማስተር (የኬብሉ ዋና ዲስክ) ናቸው፤ የሲኤፍ ማስማሚያዎች ግን ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ) ላይ ተደርገው የሚሸጡ አሉ። ብቸኛው ዲስክ ማስተር መሆን አለበት።

ኤችዲ ቱልቦክስ ባዶ ዝርዝር ካሳየ አይከኑን አንዴ ተጭናችሁ ከሜኑው ኢንፎርሜሽንን ክፈቱ። የዲቫይሱ ስም በትናንሽ ፊደላት «ስካዚ ዶት ዲቫይስ» ተብሎ በእንግሊዝኛው መጻፍ አለበት። ዲስኩ አይዲኢ ሆኖ ሳለ ስሙ የስካዚ (ኤስ፣ ሲ፣ ኤስ፣ አይ፤ ሌላ ዓይነት የዲስክ ማገናኛ) መሆኑ ግራ ያጋባል፤ ኮሞዶር እንዲያ ነው ያደረገው። ከሌላ ማሽን የተገለበጠ ኤችዲ ቱልቦክስ የሌላ ካርድ ስም ይዞ ስለሚመጣ በተሠራ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይባክናል።

ሲበራ ፍሎፒ ይጠይቃል፣ ሪሴት ሲደረግ ይነሳል

ዲስኩ ዞሮ ፍጥነቱን ሳይዝ ኪክስታርት (ሮሙ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ፈልጎ አጥቶት አልፏል። ኮንትሮልንና ሁለቱን የአሚጋ ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፣ ይነሳል። ያረጁ ዲስኮች ጠባይ ነው። ሲኤፍ ካርድ የሚዞር ነገር ስለሌለው ከዚህ ነፃ ነው።

ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይዞራል ይቆማል

ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ከ1200 ጋር የሚመጣው ሰፕላይ በ5 ቮልት 3 አምፔር፣ በ12 ቮልት 0.5 አምፔር ነው የሚሰጠው። የቀድሞው የአሚጋ 500 ሰፕላይ በ5 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ፣ በ12 ቮልት 1 አምፔር ይሰጣል፤ ሶኬቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ በቀጥታ ይሰካል። አክስለሬተር (ፍጥነት መጨመሪያ) ካርድ ያለበት ማሽን ላይ ሃርድ ዲስክ ስትጨምሩ የ1200ው አይበቃም። ቮልቱን በቴስተር ለኩ፤ ግን ማሽኑ እየሠራ፣ ዲስኩ እየዞረ። ባዶውን የተለካ ሰፕላይ ሁሌም ጤነኛ ነው። ከ4.75 በታች ከወረደ ሰፕላዩን ለውጡ።

3.5 ኢንች ዲስክ ከፍሎፒው የፓወር ሽቦ ቀጥለው የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። ዲስኩ ሲነሳ በ12 ቮልት የሚጠይቀው ሰፕላዩ ካለው 0.5 አምፔር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አታድርጉት።

ትልልቅ ፋይሎች ይበላሻሉ

አብዛኛው ሰው የሚመጣው ይህን ይዞ ነው። ምልክቱ ተመሳሳይ ነው፦ ዎርክቤንች ያለ ችግር ይጫናል፣ አይከኖቹ ይከፈታሉ፣ ጽሑፎች ይነበባሉ። ከዚያ የኤልኤችኤ (የታመቀ) ፋይል ሲፈታ የሲአርሲ (ዳታው መዛባቱን የሚነግር) ስህተት ይመጣል። ሙዚቃው እስከ መሃል ጥሩ ሄዶ ወደ ጩኸት ይለወጣል። ሥዕሉ ላይኛው ክፍል ደህና ሆኖ ታችኛው ይዝረከረካል። ባለቤቱ መጀመሪያ ሜሞሪውን ይለውጣል፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ካርዱን፣ በመጨረሻም ደህናውን አክስለሬተር አውጥቶ ይሸጠዋል። ችግሩ ግን ያለበት አለ።

መነሻው ማክስ ትራንስፈር የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀውን ትልቁን የዳታ መጠን የሚወስነው ቁጥር ነው። አንድ የአይዲኢ ትዕዛዝ ስንት ሴክተር (የ512 ባይት ቁራጭ) እንደሚያጓጉዝ የሚጻፍበት ቦታ 8 ቢት ብቻ ነው። ትልቁ መጠን 256 ሴክተር፣ ማለትም 131,072 ባይት ሲሆን፣ 8 ቢት 256ን ስለማይዝ በምትኩ 0 ይጻፋል። ብዙ ዲስክና ካርድ ከአሮጌው የኪክስታርት ድራይቨር (ዲስኩን ከሚያዝዘው ፕሮግራም) ጋር የማይግባባው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ፓርቲሽኑ ሲፈጠር ማክስ ትራንስፈር በጣም ትልቅ ተደርጎ ስለሚቀመጥ፣ ፋይል ሲስተሙ ትልቅ ፋይልን በአንድ ጊዜ ይጠይቅና ዳታው ይዛባል። የዎርክቤንች ፋይሎች አብዛኞቹ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆኑ ጠርዙ ጋ አይደርሱም፤ ስለዚህ ሲስተሙ ጤነኛ ይመስላል።

መፍትሄው ቁጥሩን ወደ 255 ሴክተር፣ ማለትም 130,560 ባይት ማውረድ ነው። ኤችዲ ቱልቦክስ የሚፈልገው በሄክስ (በ16 ቤት አቆጣጠር) ስለሆነ 0ኤክስ1ኤፍኢ00 ይሆናል፦ ዜሮ፣ ኤክስ፣ አንድ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ። ዲስኩን መርጣችሁ የፓርቲሽን ገጹን ክፈቱ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስን ምልክት አድርጉ፣ ፓርቲሽኑን መርጣችሁ ፋይል ሲስተም መቀየሪያውን ተጫኑ። ማክስ ትራንስፈር የሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን አጥፍታችሁ አዲሱን ጻፉና ሪተርን ተጫኑ። ሪተርን ሳትጫኑ በማውስ ኦኬ ካላችሁ የጻፋችሁት ሳይያዝ ሊቀር ይችላል፤ «አስተካክዬው እንደገና ተበላሸ» ከሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ነው የሚሳሳቱት። ተመልሳችሁ ገብታችሁ ቁጥሩ መቀመጡን እዩ።

ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ለየብቻ ነው። ዲኤች0ን አስተካክሎ ዲኤች1ን የረሳ ሰው ሲስተሙ ደህና፣ ጨዋታዎቹ ብቻ የሚበላሹ ሆነው ያገኛቸዋል። ማስክ የሚለውን አትንኩት። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የፓርቲሽን አሞሌ በማውስ እንዳትጎትቱት ተጠንቀቁ፤ አንድ ሲሊንደር (የዲስክ ቦታ መለኪያ) ቢንቀሳቀስ እንኳ ፓርቲሽኑ ላይ ያለው ሁሉ አይነበብም። እጃችሁ ከሳተ ምንም ሳታስቀምጡ ውጡና እንደገና ግቡ። ሲያልቅ ለውጡን ዲስኩ ላይ አስቀምጡ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ።

ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ነገር ግን ከዚህ በፊት ተዛብተው የተጻፉ ፋይሎች እንደተዛቡ ይቀራሉ፤ ከመጀመሪያው ምንጭ እንደገና ገልብጡ። ለመፈተሽ 1 ሜጋባይት ያህል የሆነ የኤልኤችኤ ፋይል ወደ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ገልብጡና እዚያው ሆኖ ያለ ስህተት ይፈታ እንደሆነ እዩ።

ሲስተም ተጭኖባቸው የሚሸጡ ካርዶችን አትመኑ። ብዙዎቹ ዊንዩኤኢ በሚባል የአሚጋ ኢሙሌተር (አሚጋን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ናቸው፤ ኢሙሌተሩ የራሱን ድራይቨር ስለሚጠቀም ማክስ ትራንስፈር ምንም ቢሆን ይሠራል። እውነተኛው 1200 ላይ ሲሰካ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሻጩም «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፣ እውነቱን ነው። የካርዱን ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂ) ወደ ሌላ ካርድ ብትገለብጡት ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል።

ዲስኩ ሲሞላ መጀመሪያው ይጠፋል

የኪክስታርት 3.0 እና 3.1 ድራይቨር ቦታን የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው፤ 4,294,967,296 ባይት ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከ4 ጊጋ አልፎ የተጻፈ ነገር የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያርፋል፤ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። 16 ጊጋ ካርድ ሙሉውን ከፋፍሎ የሚጠቀም ሰው ለወራት ምንም ላያይ ይችላል። አንድ ቀን የመጨረሻው ፓርቲሽን ላይ አንድ ጨዋታ ሲገለብጥ ዲስኩ በሙሉ ይጠፋል።

16 ሄድና 63 ሴክተር ያለው አከፋፈል ላይ አንድ ሲሊንደር 516,096 ባይት ነው። የመጨረሻው ፓርቲሽን ከሲሊንደር 8300 እንዳያልፍ አድርጉ፤ ቀሪውን ባዶ ተዉት። እያንዳንዱን ፓርቲሽን ከ2 ጊጋ በታች ማድረግም ይጠቅማል፣ አንዳንድ የመጫኛ ፕሮግራም ከዚያ በላይ የሆነውን ነፃ ቦታ ኔጌቲቭ ብሎ ያነበውና «ቦታ የለም» ይላል። ሁሉንም ቦታ መጠቀም ግድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ኪክስታርት 3.1.4 ሮም ግጠሙ። ማክስ ትራንስፈሩን እሱ ላይም ብትጽፉት ጉዳት የለውም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

አይከኑ ዲኤች0 ኤንዶስ ካለ ብልሽት አይደለም፣ ፎርማት አልተደረገም ማለት ነው። ፈጣኑን ፎርማት ምረጡ።

«ኖት ቫሊዴትድ» ካለ ሲጻፍ ኃይል ተቋርጧል። ተዉት፣ ዲስኩን መርምሮ ይጨርስ፤ መሃል ላይ አታጥፉት።

አንዳንድ ሲኤፍ ካርድ ከሪሴት በኋላ አይነቃም። ካርዱን ለውጡ።

የዲስኩ ሰርኪዩት ከብረት መሸፈኛው ጋር እንዳይነካካ መሃል ላይ ማገጃ ፕላስቲክ አድርጉ።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም የማይረጋ ከሆነ ማዘርቦርዱን አሽትቱ። የዓሣ ሽታ ካለው ካፓሲተሮቹ አፍስሰዋል፤ እነሱ ተለውጠው ቦርዱ እስኪጸዳ ድረስ ዲስክ አትሰኩበት።