ደጃፋችሁ ላይ ሰው ሲወድቅ፦ ባለንብረቶች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ክረምት በገባ ቁጥር ቢሮዬ በክራንች የሚመጣ ሰው ይበዛል። የደሴን ቁልቁለት ለሚያውቅ አይገርምም። ብዙውን አጥንት የሚሰብረው ግን ቁልቁለቱ ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው።

«መንገዱ የማዘጋጃ ቤት ነው» ማለት። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መንገዱስ የሕዝብ ነው፤ የሳሙናውን ውሃ ያፈሰሰው ማነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ነው የሚለው። ቦታው የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ፒያሳ አካባቢ አንድ ባለሱቅ ደጃፉን ላሳምር ብሎ የሳሎን ሴራሚክ እግረኛ መንገዱ ላይ አስነጠፈ። የሚያብለጨልጭ፣ ደረቅ ሆኖ እንኳ የሚያንሸራትት። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት በኦሞ ያጥበዋል። አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰውየው «ማን በዚያ ይሂዱ አላቸው?» አለኝ። ታዲያ በየት ይሂዱ? አስፋልቱ ላይ ከባጃጅ ጋር ይጋፉ? ሻካራ ሴራሚክ እኮ እዚያው መደብር ውስጥ ይሸጣል!

«ሠራተኛው ነው ያፈሰሰው» ማለትም አያዋጣም። በሥራው ላይ እያለ ላጠፋው አሠሪው ይጠየቃል።

የቦይ ክዳን አንስቶ ካርቶን ማልበስ። በፍጹም!

ሁሉን ነገር በተከራይ ማሳበብ። ከሕንፃው ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ተነቅሎ መንገደኛ ከጎዳ፣ በቁጥር 2077 መሠረት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ከሰገነት የአበባ ማሰሮ ከወደቀ ግን ተጠያቂው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። አከራዮች፣ ጣሪያችሁን ከክረምት በፊት አስፈትሹ።

ያለ ወረቀት መታረቅ። ሽምግልና ደግ ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ጠብን በሽማግሌ መጨረስ የኖርንበት ነው። ችግሩ ባለንብረቱ ለሕክምና ብር በእጁ ሰጥቶ «ጨርሻለሁ» ይላል፣ ከወራት በኋላ መጥሪያ ይደርሰዋል። የተከፈለው ብር፣ ለምን እንደተከፈለ፣ ቀሪ ጥያቄ መኖር አለመኖሩ ተጽፎ ሁለቱም ከምስክሮች ጋር ይፈርሙ። ተጎጂዎችም ወጌሻ ጋ ብቻ ሄዳችሁ አትቅሩ። የሐኪም ማስረጃና ኤክስሬይ ያዙ፤ የወደቃችሁበትን ቦታ ሳይታጠብና ሳይጠገን ፎቶ አስነሡ። ሽማግሌ ነገ ዛሬ እያለ ቢያጓትት፣ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ሳይሞላ ክሱን ፍርድ ቤት አስገቡ። በቁጥር 2143 የተቀመጠው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ይኸው ነው፤ ሽምግልናው ከክሱ ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል።