ጣና ዳር የጊታር ወርክሾፕ ለምታደራጁ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጊታር ለመሥራት ሰፊ ቦታ አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ ሦስት በአራት ሜትር ብትሆን እንኳ፣ ትበቃለች። ከባዱ ክፍሏን ማደራጀቱ ነው። የጊታር የፊት ገጽ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የብረት ክር ሲወጠርበት ግን በድምሩ 70 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉተታ ይሸከማል። አልጋና ቁም ሳጥን በደንብ የሚወጣበት ቤት ለዚህ ሥራ ላይመች ይችላል። በቪዲዮ የምናየው ምክርም አብዛኛው የሚመጣው ክረምቱ በረዶ ከሆነበት፣ የቤት ማሞቂያ እንጨት ከሚያደርቅበት አገር ነው። የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ እንጨት ያረጥባል። እንዳለ የተቀዳ ምክር እዚህ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩን ሳይለኩ ማጣበቅ

ብዙ ልፋት የሚያበላሸው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተልጎም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መስጠቱን አያቆምም። በሐምሌና በነሐሴ ያብጣል። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሐይቁ አጠገባችን ተኝቶ እያለ እንኳ፣ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን እንጨቱ ይኮማተራል። በቁመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለውጡ ያለው በወርዱ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የስፕሩስ (ለጊታር የፊት ገጽ የሚውል የፈረንጅ እንጨት) ሰሌዳ ነሐሴ ላይ የጠጣውን እርጥበት መጋቢት ላይ ሲያጣ እስከ 3 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። ለጠረጴዛ ይህ ምንም አይደለም። የጊታር የፊት ገጽ ግን ከሥሩ ቀጫጭን የድጋፍ እንጨቶች በአግድም ተጣብቀውበታል። ድጋፎቹ በቁመታቸው ስለማያጥሩ ሰሌዳውን ይዘው እንዳይጠብ ያደርጉታል፤ ሰሌዳውም መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ነሐሴ ላይ ያማረ ጊታር የካቲት ላይ ሲሰነጠቅ ሰው ኮላውን ይረግማል። ኮላው ግን ሥራውን ሠርቷል።

ስለዚህ ወርክሾፑ ውስጥ ከመጋዝ በፊት መግባት ያለበት የአየር እርጥበት መለኪያ ነው። ርካሾቹ መለኪያዎች ስለሚዋሹ ፈትኗቸው፦ በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጉ፣ ሳይሟሟ ሊጥ እስኪመስል በጥቂት ውኃ አርጥቡት፣ ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 80 ካነበበ ሁልጊዜ 5 ትቀንሳላችሁ ማለት ነው።

የፊትና የኋላ ገጹን ከድጋፎቹ ጋር ማጣበቅ ያለባችሁ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ነው። እዚህ ይህ አየር በበጋ በነፃ ይገኛል። ዓመቱን በዚህ መሠረት ከፍሉት፤ ማጣበቁን ከኅዳር ወዲያ አድርጉት፣ ክረምቱን ቅርጽ ማውጫ ፎርም ለመሥራት፣ አንገት ለመቅረጽና መሣሪያ ለመሳል አውሉት። በክረምት የግድ ማጣበቅ ካለባችሁ፣ በሩ በደንብ የሚገጥም አሮጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ሙቀት የሚሰጠውን የድሮውን ዓይነት 40 ዋት አምፖል ከእንጨቱ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ መለኪያውንም እዚያው አስቀምጡ። እንጨቱ ቀናት ይቆይበት፣ ወጥቶም ሳይውል ሳያድር ይጣበቅ። የተጣበቀውም ተመልሶ እዚያው ይግባ።

እንጨትን መሬት ላይ መደርደር

ምስጥ የምታውቁት ጉዳይ ነው፤ ወለሉ አፈር ከሆነ አንድ ክረምት ይበቃዋል። መደርደሪያው ከግድግዳውም ከወለሉም ይራቅ፣ በየሳንቃው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ይግቡና አየር ይለፍበት። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ ቆጥ ላይ አትስቀሉት፤ የቀትር ሙቀት ጫፍ ጫፉን ቀድሞ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። እርጥብ ሳንቃ ከገዛችሁ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መታገሥ የቆየ ልማድ ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። ዋንዛ ለጀርባ፣ ለጎንና ለአንገት ጥሩ እንጨት ነው፤ ከበሮ ሲፈለፈልበት የኖረው በከንቱ አይደለም። ወይራ ደግሞ ጥንካሬው ለጣት ሰሌዳ፣ አንገቱ ላይ ክሩ በጣት ለሚጫንበት ገጽ፣ ይሆናል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል አስቀምጦት ነበር፤ አዋጁ ራሱ በኋላ በሌላ ተተክቷል። ከየት እንደመጣ ሻጩ የማይነግራችሁን ግንድ አትግዙ። የፈረሰ ቤት በርና መቃን፣ የተሰበረ አሮጌ አልጋ ብትፈልጉ ግን ለብዙ ዓመታት የደረቀ ዋንዛ ታገኛላችሁ። ለጊታር ከዚህ የተሻለ የለም፤ ከመጋዛችሁ በፊት ሚስማሩን ብቻ ለቅማችሁ አውጡ።

ገንዘቡን ማሽን ላይ መጨረስ

አንድ ጊታር በእጅ መሣሪያ ተጀምሮ ያልቃል፦ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ፣ በደንብ የተሳለ መላጊያ፣ ሁለት ሦስት መሮ፣ ስኳድራ፣ የሚጣበቀውን ጨምቆ የሚይዝ ብዙ ክላምፕ። ክላምፕ መቼም አይበቃም። መብራት ሲሄድም ሥራው አይቆምም። ማሽን ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለጠረጴዛው አድርጉት። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ እግር ያለው ጠረጴዛ ተጣምሞ ሥራውንም ያጣምማል። ከፍታው ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእጃችሁ አንጓ ላይ የሚደርስ ይሁን፣ ስትልጉ አይነቃነቅ። ፍጹም ለጥ ያለ ገጽ ለማግኘት እብነ በረድና ግራናይት ከሚቆርጡ ቤቶች ቁራጭ ጠይቁ። የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁበት የአንገቱንና የጎኖቹን ጠርዝ ትደለድሉበታላችሁ።

ማሽን ያላችሁ ደግሞ ይህን አትርሱ፦ መብራት በሄደ ቅጽበት ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉ፣ ሶኬቱንም ንቀሉ። እጃችሁ መጋዙ ላይ እያለ መብራት ሊመጣ ይችላል።

መስኮቱን አለማሰብ

ከአውሮፓ የመጡ ምክሮች «ጠረጴዛው በሰሜን መስኮት በኩል ይሁን» ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በሰሜን አታልፍምና። ባሕር ዳር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የሰሜኑን መስኮት ምረጡ፣ ለእነዚያ ወራት ግን ነጭ ሻሽ መጋረጃ አዘጋጁለት። ማታ ደግሞ ከላይ ካለው መብራት ሌላ ከጎን የሚያበራ አምፖል ይኑራችሁ፤ የመላጊያ ጠባሳና ያልጠፋ ጭረት የሚታየው ብርሃን አግድም ሲያርፍበት ነው።

በሁለት የተለያዩ ሜትሮች መለካት

የሚጠቀለል ሜትር አፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ይላወሳል። ለወርክሾፑ አንድ የብረት ማስመሪያ ግዙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ ብቻ ለኩ። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ለፍሬት (በጣት ሰሌዳው ላይ በአግድም ለሚገባው ቀጭን ብረት) በተለመደው ቋሚ ቁጥር፣ ለ17.817፣ ስታካፍሉት የመጀመሪያው ፍሬት 36.48 ላይ ይውላል፤ ከቀሪው ርዝመት እንደገና እያካፈላችሁ 12ኛው 325 ላይ ይደርሳል። ስሌቱን በወረቀት ጨርሱና ምልክቱን ሁሉ ከአንድ መነሻ፣ ከአንገቱ ጫፍ፣ አድርጉ። ከፍሬት ወደ ፍሬት የሚለካ ሰው በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ስለሚስት መጨረሻ ላይ ጊታሩ አይቃኝም።

በአንድ ክፍል መፈግፈግም መቀባትም

የእንጨት ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ውስጥ የተመደበ ነው፤ ሰጋቱራውን አይታችሁ የማይታየውን ደቃቁን አትናቁ። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉን በረንዳ ላይ፣ በደንብ የሚገጥም የአፍንጫና አፍ መሸፈኛ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ልጆች የሚተኙበት ክፍል አጠገብ አይሁን። ጎማላካም ሆነ ቫርኒሽ የሚቀባው ብናኝ በሌለበት፣ በር መስኮቱ ተከፍቶ ነው። በአልኮል የሚሟሟ ጎማላካ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከተቀባ እርጥበት ይዞ ይነጣል፤ ስለዚህ ይህም ለበጋ ይቆይ። በተልባ ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ሰጋቱራ ላይ አትጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ደጅ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ አቆዩት።